የእትዬ የሺ ፎቅ መከታ

ሰው ከቃል ሁሉ አብልጦ የሚጠላው የትኛውን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «አት»ን ነው። ቃል እንኳ አይደለችም፤ የቃል መነሻ ናት። አትንካ፣ አትውሰድ፣ አትመኝ፣ አትዋሽ። ገና «አት» ስንባል ልባችን ይሸፍታል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን በቅጡ ሳንሰማ ያንኑ ነገር ለማድረግ እጃችንን ይበላናል። መርካቶ ውስጥ «እዚህ ግድግዳ ሥር መሽናት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ለማግኘት ማንበብ መቻል አያስፈልግም። አፍንጫ ይበቃል።

እኔም በወጣትነቴ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ከዚህ ለይቼ አላየውም ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ዐሥርቱን ቃላት ስሸመድድ፣ እግዚአብሔር ማለት ካቦርቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ «ወዴት ነው?» የሚል ኃይለኛ ዘበኛ ይመስለኝ ነበር። ለምን እንደከለከለን መጠየቅማ የማይታሰብ ነው፤ የየኔታ አርጩሜ ከመልሱ ቀድማ ትደርሳለች። ስለዚህ እየፈራሁ አደግሁ። ጾምሁ፣ ሰገድሁ፣ ፈራሁ፤ የገባኝ ነገር ግን አልነበረም። የገባኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ መርካቶ በርበሬ በረንዳ፣ በእጄ መዶሻ እንደያዝሁ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጊዜ ካላችሁ ተቀመጡ፤ ከሌላችሁም እንደ መርካቶ ሰው ቆማችሁ ስሙኝ።

አናጢ ነኝ። ነበርሁ ማለት ይሻላል፤ አሁንስ ዐይኔ ውሃ ልክ ማንበብ አቅቶታል። ያን ጊዜ ንጉሡ ከስደት ተመልሰው ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ መርካቶም ወደ ጎን መስፋቱ አልበቃ ብሏት ወደ ላይ ማደግ ጀምራ ነበር። መሬት ላይ ጆንያ ዘርግቶ ይሸጥ የነበረው ሁሉ ቦታው ሲጠብበት ፎቅ አማረው። ፎቅ ስላችሁ ዛሬ የምታዩት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ከታች የጭቃ ግድግዳ፣ መሐል ላይ የጣውላ ወለል፣ ከላይ የቆርቆሮ ክዳን፤ በቃ፣ ፎቅ እሱ ነው። ቢሆንም «ባለ ፎቅ» መባል የዋዛ ማዕረግ አልነበረም። ከደጃዝማች ብዙም አያንስም።

ይህ ማዕረግ ካማራቸው ሰዎች አንዷ እትዬ የሺ ነበሩ። እትዬ የሺ የታወቁ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ «ሱቁ ይዘጋል» ብሎ የጠበቀ ሰው ሁሉ አፍሮ ቀርቷል። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም፤ ለነዳይ እጃቸው የተፈታ፣ ለሠራተኛ ምላሳቸው የተፈታ። በአጠገባችሁ ሲያልፉ ከቀሚሳቸው የሚነሣው በርበሬ ያስነጥሳችሁና «ይማርህ» ብለው ሳይቆሙ ያልፋሉ። ጾም ገድፈው አያውቁም። በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምራቃቸውን እንኳ የሚውጡ አይመስለኝም።

እኔን አስጠርተው የፈለጉትን ነገሩኝ። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ደግሞ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ ሰፊ የጣውላ ሰገነት። ሰገነቱ ላይ በርበሬ ይደርቃል፤ ጆንያውም በደረጃ መንከራተት ቀርቶለት ከመንገዱ በገመድ እየተጎተተ በቀጥታ ሰገነቱ ላይ ያርፋል። ሴትዮዋ ንግድ ብቻ ሳይሆን ሐሳብም ያውቁ ነበር።

«መከታውስ እትዬ?» አልኋቸው።

«የምን መከታ?»

«ዳር ዳሩን። ሰው እንዳይወድቅ።»

«ጆንያው በየት በኩል ሊገባ ነው? ክንፍ አውጥቶ ይዝለለው? ደግሞ በርበሬ ነፋስ ይፈልጋል፤ አታፍንብኝ። ሰው እንደሆነ ዐይን አለው። ገልጦ ይሂድ!»

እሺ አልሁ። ምን ልበል? የመጀመሪያ ፎቄ ነበር። የመጀመሪያ ፎቁን የሚሠራ አናጢ እንደ ሙሽራ ነው፤ የተባለውን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እሺ ይላል።

ሰገነቱን ከሥር ደግፈው የሚይዙ ስምንት የብረት ክንዶች ያስፈልጉኝ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ደግሞ በአካባቢው ከአቶ ያዕቆብ የተሻለ እጅ አይገኝም። አቶ ያዕቆብ ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ከበርበሬ በረንዳ ወረድ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ሰፈሩ ቤተ እስራኤል ብሎ አይጠራቸውም ነበር። የሚጠራበትን ስም እኔ ዛሬ አልደግመውም፤ እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም። መጥረቢያውን፣ ማጠፊያውን፣ የበር መቀርቀሪያውን ከእሳቸው የሚገዛ ሰው፣ ልጁን ሆዱን ያመመው ዕለት «ያ ባለ እጅ አይቶብኝ ነው» ይላል። እትዬ የሺ በዳሷ አጠገብ ሲያልፉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ ያደርጋሉ። እኔስ? እኔም ከመግባቴ በፊት በልቤ አማትብ ነበር። ለእናንተ ብዬ አልዋሽም።

የክንዶቹን ልክ ነገርኋቸው። ወናፉን ትተው አዳመጡኝ።

«ለምን የሚሆን ነው?»

«ለእትዬ የሺ ፎቅ። ሰገነት የሚሸከም።»

«ከፍታውስ?»

«ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል።»

«መከታውን በእንጨት ነው በብረት ያሰብኸው?»

«መከታ የለውም።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። አልወረወሩትም፣ አልተቆጡም፤ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። «እንግዲያው ብረትም የለም» አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። አልሣቁም።

«ጋሼ ያዕቆብ፣ እርስዎ ብረቱን ብቻ ይሥሩልኝ እንጂ፤ ፎቁ እኮ የሴትዮዋ ነው።»

«ፎቁ የሴትዮዋ ነው። ብረቱ ግን የእጄ ሥራ ነው። ኦሪት አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለጣራው መከታ ያድርግለት ትላለች፤ ሰው ከዚያ ላይ የወደቀ እንደሆነ ደሙ በቤቱ ላይ ነው። በቤቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ቤቱን በተሸከመው ብረትም ላይ ነው።»

«እስካሁን የወደቀ ሰው የለም እኮ! ቤቱም ገና አላለቀ!»

«ስለዚህ ነዋ አሁን የምነግርህ። ሰው የወደቀ ዕለትማ የሚፈለገው ወጌሻ ነው እንጂ አናጢ አይደለም።»

ተናደድሁ። በዚያ ዕድሜዬ ስናደድ ሊቅ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። «ጋሼ፣ እኛ እኮ የሐዲስ ሰዎች ነን። ኦሪት አልፋለች» አልኋቸው።

አቶ ያዕቆብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ኦሪት ብታልፍ መሬት አላለፈችም፤ ከላይ የወደቀ ሰው ዛሬም ታች ነው የሚያርፈው» አሉና ወናፋቸውን ማናፋት ጀመሩ። ሂድ ማለታቸው ነው።

እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ እንዴት እንደጦፉ አልነግራችሁም፤ በርበሬው ራሱ ከእሳቸው ቀዝቅዞ ታየኝ። «እሱ ነው እኔን ሃይማኖት የሚያስተምረኝ? እኔን?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማን እሳቸውን ያስተምራል! እኛ እኮ ኦሪትን አልጣልናትም። አሳማ አንበላም። ልጆቻችንን በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን። ቅዳሜንም እናከብራለን፤ ገበያው ካልደራ። እንዲያው አንዳንድ ጊዜ ሳስበው፣ ወደ አፍ የሚገባውንና የማይገባውን የሚመለከተውን ሕግ መርጠን ይዘን፣ የጎረቤትን አንገት ከመሰበር የሚያድነውን እዚያው የተውነው ይመስለኛል። የአሳማውን ሕግ መጠበቅ ቀላል ነው። አሳማ ደግሞ በርበሬ በረንዳ የለም።

እንግዲህ በሁለት ግትር ሰዎች መካከል ቆሜያለሁ። ሌላ ቀጥቃጭ ልፈልግ ብል፣ የሌላው ብረት ያን ሰገነት ከነጆንያው ይሸከማል ብዬ አላምንም። ሦስት ቀን አሰብሁ። በአራተኛው ቀን ወደ አቶ ያዕቆብ ሄጄ፣ በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የማፍርበትን ሠራሁ።

«ሴትዮዋ እሺ ብለዋል፤ መከታ ይኖረዋል» አልሁ።

«እውነት?»

«እግዚአብሔርን!»

ማል ያለኝ አልነበረም። እኔው ነኝ የወረወርኋት። የመርካቶን ነገር መቼም ታውቃላችሁ፤ በቀን ስንት ሺ ጊዜ ስመ እግዚአብሔር እንደሚጠራ የሰማ እንግዳ ገዳም የገባ ይመስለዋል። በርበሬው አዲስ ነው፣ እግዚአብሔርን። ከዚህ በታች አልሸጥም፣ እግዚአብሔርን። እኔም እንደ አገሬ ሰው አልሁ። አቶ ያዕቆብ ግን ቃሉን ሲሰሙ ቆባቸውን አወለቁ። ይህንን ያየሁ ጊዜ ከምላሴ ላይ ልመልሳት ፈልጌ ነበር። አልመለስኋትም።

ስምንቱን ክንዶች ሠሩልኝ። አቤት ሥራ! ምነው ባያምሩ ብዬ ነበር፤ በማማራቸው ብቻ የሚከስሱኝ ይመስለኝ ነበርና። ሰገነቱን ጫንሁባቸው። ፎቁ አለቀ። መከታ የለውም።

ቤቱ የተመረቀ ዕለት ካህናት መጡ፣ ጠበል ተረጨ፣ ድግሱ ደራ። እንግዳው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ መርካቶን ከላይ ቁልቁል እያየ ይደነቃል። እኔ ግን ከታች፣ መንገዱ ላይ፣ ጠላዬን ይዤ ቆሜያለሁ። የማየው እግር ብቻ ነው። ከጣውላው ጠርዝ ስንዝር የማይርቅ፣ ጫማ ያደረገም ያላደረገም፣ ወዲያ ወዲህ የሚል እግር። በዚህ መሐል ዞር ስል ከመንገዱ ማዶ አቶ ያዕቆብ ቆመዋል። መጀመሪያ ሰገነቱን አዩ። ቀጥለው ስምንቱን ክንዶች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ በዐይናቸው ሕዝቡን ሲፈልጉ ቆይተው እኔን አገኙኝ። ዞረው ሄዱ።

ቢሰድቡኝ በወደድሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሰዎች ተሰብስበው ይሣቃሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ አቶ ያዕቆብ የቆዳ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ከሰገነቱ ትይዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አላፊ አግዳሚውን «ወንድሜ፣ ከሥሩ አትቁም፤ መከታ የለውም» ይላሉ። ቀና ብለው ደግሞ ከላይ በርበሬ ለሚበትኑት ሴቶች «እኅቶቼ፣ ከዳሩ ራቅ በሉ» ይላሉ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ሥራቸውን ዘግተው፣ እንደ ሥራ ይዘውት ዋሉ። በሁለተኛውም ቀን መጡ። በሁለተኛው ቀን ሣቁ ቀነሰ፤ የእትዬ የሺ ገዢም አብሮ ቀነሰ። አንዳንዱ የሸሸው ከላይ የሚወድቅበትን ፈርቶ ነው። አብዛኛው ግን የባለ እጁን ዐይን ፈርቶ ነው። ለገበያው ግን ልዩነት የለውም፤ የሸሸ ገዢ የሸሸ ነው።

እትዬ የሺ ወገባቸውን ታጥቀው ወጡ።

«ምን አደረግሁህ አንተ ሰውዬ? ገበያዬን የምትበትነው ለምንድን ነው?»

አቶ ያዕቆብ ከተቀመጡበት ተነሡ። «እትዬ፣ ገበያዎን አልነካሁም። ብረቴን ነው የምጠብቅ።»

«ብረትህ የተገዛ አይደለም?»

«ገዝተውታል። የተሰጠኝ ቃል ግን አልተፈጸመልኝም።»

«የምን ቃል? እኔ ለአንተ ምን ቃል ሰጥቼ አውቃለሁ?»

አቶ ያዕቆብ ስሜን አላነሡም። ወደ እኔ አልጠቆሙም፤ ወደ እኔ እንኳ አላዩም። ያንን ነው መቼም የማልረሳው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ሊያዋርዱኝ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን መሬት መሬቱን አዩ። ያን ጊዜ ጆሮዬ እስኪግል አፈርሁና ከሕዝቡ መሐል ወጣሁ።

«እኔ ነኝ እትዬ። መከታ ይኖረዋል ብዬ ምዬላቸው ነው የሠሩት።»

«ማልህ? በማን?»

«በ… በእግዚአብሔር።»

እትዬ የሺ ቀና ብለው ስምንቱን የብረት ክንዶች ከዳር እስከ ዳር አዩ።

«ስምንቱንም?»

«ስምንቱንም።»

«ጠበል ያስረጨሁት እንግዲህ በሐሰት መሐላ ላይ ነው!» አሉና ፊታቸው አመድ መሰለ። «ስሙ በከንቱ የተጠራበት ቤት ውስጥ ነው የምነግደው? በል ሥራ! ዛሬውኑ ሥራ! ስሜን ያስጠራኸኝ ሳያንስ የእሱን ስም ታስጠራለህ?»

ነገሩን አያችሁት? መከታ ሥሪ የሚለው ትእዛዝ እትዬ የሺን ከቦታቸው አላነቃነቃቸውም። ስሜን በከንቱ አትጥራ የሚለው ግን ከሥራቸው ነቀላቸው። አንደኛው ትእዛዝ በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ አልተከፈተለትም፤ ወንድሙ መጥቶ በመስኮት ገብቶ ከፈተለት። እኔ ትእዛዛቱን ለየብቻ የቆሙ ዘበኞች አድርጌ ነበር የማስባቸው። እርስ በርሳቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደሚቆሙ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

«ጆንያውስ በየት ይግባ እትዬ?» አልሁ በቀስታ።

«እሱን አንተ እወቅ! አናጢ አይደለህም?»

አናጢ ነኝ። ስለዚህ አሰብሁ። ብዙም አልፈጀብኝም። ከመከታው መሐል አንዱን ክፍል በማጠፊያ እንደ በር እንዲከፈት አደረግሁት፤ ጆንያ ሲመጣ ይከፈታል፣ ሲገባ ይዘጋል። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ያ ሁሉ ውሸት በሁለት ማጠፊያ የሚፈታ ነገር ኖሯል! ማጠፊያውንና የላዩን ብረት አቶ ያዕቆብ ሠሩት። ራሳቸው ወጥተው እያንዳንዱን ቋሚ በሙሉ ኃይላቸው ገፉት፣ ተደገፉት፣ ወዘወዙት። ሦስተኛው ቋሚ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ ይንቀሳቀሳል።»

«ትንሽ ነው ጋሼ።»

«ሰው ሲወድቅ ትንሽ አይወድቅም» አሉ። ነቅዬ እንደገና ተከልሁት።

ጥር ሊወጣ ሲል ነው። ያ አቧራ የሚያስነሣው ነፋስ የሚነፍስበት ሰሞን። እኔ ከታች ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ እመታለሁ። እትዬ የሺ ከላይ ናቸው፤ የሠራተኞቹ አገለባበጥ አላስደስታቸው ብሎ በርበሬውን ራሳቸው በእንጨት ያገላብጣሉ። ድንገት ከእህል በረንዳ በኩል የመጣ ነፋስ ገለባውን፣ አቧራውን፣ ወረቀቱን ይዞ መንገዱን ጠረገው። ቆርቆሮው ተንቋቋ። ከዚያ ከላይ ጩኸት ሰማሁ። «ዐይኔን! ዐይኔን!»

መዶሻዬን ጥዬ ወደ መንገዱ ወጣሁና ቀና አልሁ። ሰገነቱ ላይ ቀይ ደመና ቆሟል። ከደመናው ውስጥ እትዬ የሺ በሁለት እጃቸው ዐይናቸውን ይዘው፣ ወደ መጋዘኑ የሚሸሹ እየመሰላቸው፣ ጀርባቸውን ወደ መንገዱ ሰጥተው ይመጣሉ። ወደ ኋላ። አንድ እርምጃ። «ይቁሙ እትዬ!» ብዬ ጮኽሁ። መንገደኛው ሁሉ ጮኸ። አልሰሙም። ሁለት እርምጃ። በሦስተኛው ጀርባቸው መከታው ላይ አረፈ።

እንጨቱ ሲጢጥ አለ። የእያንዳንዱን ሚስማር ቦታ አውቃለሁ፤ ሁሉም በደረቴ ውስጥ የተመቱ ያህል ተሰማኝ። እትዬ የሺ ከወገባቸው በላይ ወደ መንገዱ ዘንበል አሉ፣ ተረከዛቸው ከጣውላው ተነሣ። ከትከሻቸው ላይ ነጠላቸው ሾለከች። ነፋሱ ዘረጋት። ነጭ ሆና፣ ቀስ ብላ፣ እየተንሳፈፈች በላያችን ወረደች፤ መንገዱ በሞላ በዐይኑ ተከተላት። ከታች የጆንያ ጋሪ እጀታዎቹን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ቆሞ ነበር። ነጠላይቱ አንደኛው እጀታ ጫፍ ላይ ካለው ብረት ተሰካችና ተንጠለጠለች።

ከዚያ ሁላችንም እኩል ቀና አልን። ከላይ እትዬ የሺ በሁለት እጃቸው የመከታውን ብረት ጨምድደው ይዘው፣ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላሉ። እግራቸው ጣውላው ላይ ተመልሷል።

እኔ መሐል መንገድ ላይ ተቀመጥሁ። ያረፉበት ሦስተኛው ቋሚ ላይ ነበር። ወይስ አራተኛው? እውነቱን ለመናገር ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ሳወራው ግን ሁልጊዜ ሦስተኛው እላለሁ፤ ያን ቋሚ ነቅዬ ባልተክለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር ከሚለው ሐሳብ መላቀቅ ስላልቻልሁ ይሆናል።

እትዬ የሺ ዐይናቸውን በወተት ታጥበው፣ ዐይናቸው እንደ በርበሬው ቀልቶ፣ «ተነሥ፣ ውሰደኝ» አሉኝ። ነገ ይሁን ብላቸው አልሰሙም። የተቀደደች ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ አቶ ያዕቆብ ዳስ ወረድን። በሩ ላይ ሲደርሱ አፋቸውን አልሸፈኑም። አላማተቡም። ቀጥ ብለው ገብተው፣ አቶ ያዕቆብ ፊት ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እንባቸው ይወርዳል፤ ከበርበሬው ይሁን ከልባቸው አላውቅም።

አቶ ያዕቆብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና፣ «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ከሌላ ወገን ሰው ጋር አለመነካካት ሥርዓታችን ነው» አሉ።

የእትዬ የሺ እጅ አየር ላይ ቀረ። «እኔን?» አሉ። «እኔን ነው የማይነኩኝ? እርስዎ?» ልብ በሉልኝ፣ «እርስዎ» አሉ። «እኔ እኮ ነበርሁ እስከዛሬ እርስዎን የምሸሸው!» ከዚያ ሣቅ ያዛቸው። አሣሣቃቸው የሚያስፈራ ነበር፤ ዛሬ ከሞት የተረፈ ሰው የሚሥቀው ዓይነት ነው። አቶ ያዕቆብም ሣቁ። እኔ ብቻ እንደ ሞኝ በመካከላቸው ቆሜ የማን አጥር የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋኝ።

ሣቁ ሲያልቅ እትዬ የሺ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። «እንደምወድቅ በምን አወቁ?» አሏቸው።

«እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም እትዬ። ታዝዤ ነው።»

«ማን ነው ያወቀው ታዲያ?»

አቶ ያዕቆብ እሳቱን በመቆስቆሻ ነካ ነካ አደረጉት።

«ይህ ትእዛዝ ለአባቶቻችን ሲሰጥ የት ነበሩ መሰለዎት? ምድረ በዳ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ድንኳን ውስጥ ነው ያደሩት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጣራ የነበረው አንድ ሰው የለም። አብዛኛው ምድረ በዳ የተወለደ ነው፤ ቤት ተሠርቶ አይቶ አያውቅም። መከታ አድርጉ ተብለው የታዘዙት ያን ጊዜ ነው። ቤቱ ሳይኖር፣ ጣራው ሳይኖር፣ የሚወድቀው ሰው ታሰበለት።»

ከዳሱ ውጭ መርካቶ ትጮኻለች። ሕጉ የተሰጠበትን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ተራራው ሲጤስ፣ መለከቱ ሲነፋ፣ ሕዝቡ ርቆ ሲንቀጠቀጥ። ሁልጊዜ ከነጎድጓዱ ጋር የሚታየኝ ያ ዱላ የያዘው ዘበኛ ነበር። ያን ያህል ግርማ ያለው ጌታ፣ ባሕር የከፈለው፣ ተራራ ያጤሰው፣ ስለ ጣራ ጠርዝ ይጨነቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዐይኗ ውስጥ በርበሬ ስለገባባት አንዲት ሴት፣ ወደ ኋላ ስለምትራመዳት ሦስተኛ እርምጃ አስቀድሞ ይናገራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዘበኛ መሆኑንስ ዘበኛ ነው። ግን ፊቱን ወዴት እንዳዞረ አላየሁም ነበር። እኛን ከሀብቱ ሊያግድ ሳይሆን፣ ገደሉን ከእኛ ሊያግድ ነው የቆመው።

«ጣራ ሳይኖራቸው» አሉ እትዬ የሺ ለራሳቸው። «ጣራ ሳይኖራቸው…»

ከዚያ ነጋዴ ናቸውና፣ ድንገት ቀና አሉ።

«ስለ ጉድጓድስ የምትለው አላት?»

«ማን?»

«ኦሪት። ጓሮዬ የውሃ ጉድጓድ አለ። ክዳኑ ከተሰበረ ሁለት ክረምት አልፎታል።»

«አላት» አሉ አቶ ያዕቆብ። «ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ሳይከድነው በሬ ወይም አህያ የገባበት እንደሆነ፣ ባለ ጉድጓዱ ይጠየቅበታል።»

«ለአህያ!» አሉ እትዬ የሺ።

«ለአህያ።»

እትዬ የሺ በእነዚያ በቀሉ ዐይኖቻቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

በማግስቱ ከወፍራም ጣውላ ክዳን ሠራሁ፤ አቶ ያዕቆብ ዙሪያውን በብረት አሰሩት። በዚያ ጓሮ ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጅ ሮጧል፣ ብዙ አህያ አልፏል፣ ጠላ ያናወዘው ሰው ሁሉ ተንገዳግዷል። ክዳኑ ላይ ቆመው ልብስ ያሰጣሉ፤ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። አንድም ሰው አልገባበትም። አንድም አህያ አልገባበትም። ስለዚህ ስለ ጉድጓዱ የማወራችሁ ታሪክ የለኝም።